ኮመዲኖው አንድ ነው ወይስ ሁለት? ከድሬ የተነሳ ክርክር

ጥያቄውን በአንድ የኢንተርኔት መወያያ ላይ ያነሳችው ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር የምትኖር ሴት ናት። ከአያቷ የወረሰችው ባለ አምስት መሳቢያ ኮመዲኖ አላት። አንድ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ቤቷ ድረስ መጥቶ አየው። ከሁለት የተለያዩ ኮመዲኖዎች ተቆርጦ የተገጣጠመ እንጂ አንቲካ እንዳልሆነ ነገራትና ዋጋውን ጣለባት። እሷ ደግሞ ነፍስ ካወቀች ጀምሮ እንዲሁ ሆኖ ነው የምታውቀው። ሰውየው እውነቱን ነው ወይስ እያጣጣለ በርካሽ ሊወስደው ነው? የጠየቀችው ይህንኑ ብቻ ነው። ፎቶዎችም አያይዛለች፤ ሁሉም ከፊት ለፊት የተነሱ።

ፎቶዎቹ ላይ የሚታየው እንዲህ ነው። ከላይ ጎን ለጎን ሁለት አጫጭር መሳቢያዎች፣ ከሥር ሦስት ረጃጅሞች። ወገቡ ላይ ዙሪያውን የሚሄድ ቀጭን ክፍተት አለ፤ ከክፍተቱ በላይ ያለው ክፍል ለብቻው ይነሳል። ማዕዘኖቹ በነሐስ ተለብጠዋል፣ አንዱ ጎድሏል። የአራቱ መሳቢያዎች እጀታ እንጨቱ ውስጥ የተቀበረ ነሐስ ሲሆን፣ የመጨረሻው ግን ድቡልቡል የእንጨት መያዣ ነው ያለው። አናቱ ላይ አረንጓዴ ፎርማይካ ተለጥፏል። እውነት ለመናገር፣ መጀመሪያ ሲያዩት የነጋዴውን ነገር ለማመን አይከብድም።

1ኛው ምላሽ ሰላምታና ምርቃት ነው። የአያት ዕቃ እንደማይሸጥ መከረና ሄደ።

2ኛው ነጋዴውን ደገፈ። የአንዱን ራስ በሌላው ሆድ ላይ መጫን በአሮጌ ዕቃ ንግድ የታወቀ ዘዴ መሆኑን አስረዳ። ወገቡ ላይ ያለው ክፍተትና የእጀታዎቹ አለመመሳሰል በቂ ምስክር ነው አለ። ዕቃው አንድ ከሆነ የላዩና የታቹ የእንጨት መስመር፣ የመሳቢያዎቹ አገጣጠምና የጀርባው ጣውላ መመሳሰል እንዳለበትም ጨመረ። መመዘኛው ትክክል ነው። ፍርዱ ግን ቸኮለ፤ ከዘረዘራቸው ነገሮች አንዱንም ገና አላየም።

3ኛው ሳቢያን አካባቢ የእንጨት ሥራ ያለው ሰው ነው። ፎርማይካ የለበሰ ዕቃ አንቲካ ሲባል ስቆ እንደማይጠግብ ጻፈ። ሽጣው ሶፋ ብትገዛበት እንደሚሻላትም መከራት። 4ኛዋ ተቆጣች። የሰው ቅርስ ላይ የሚያፌዝ ሰው የራሱን ሶፋ ሊሸጥ የመጣ መሆን አለበት ብላ ነገረችው። ያለ እህቴና ያለ ወንድሜ የሚጻፍ ነገር ከዚህ ጀመረ።

5ኛው ምንም አስተያየት አልሰጠም። ኮመዲኖውን ከግድግዳ አርቃ፣ መሳቢያዎቹን ሁሉ አውጥታ፣ ጀርባውንና ሆዱን፣ የመሳቢያዎቹን ጎንና ሥር እንድታነሳ ብቻ ጠየቃት። አናጢ የሚያሳምረው ሰው የሚያየውን ነው፤ ማንም አያየውም ያለው ቦታ ላይ መጋዙም መላጊያውም ዱካቸውን ትተው ይሄዳሉ ሲል ምክንያቱን በአንድ መስመር አስቀመጠ። ከሁሉም ምላሾች ለእኔ ይህ ይበልጣል።

እሷ ፎቶ እስክታነሳ ክሩ (የምላሾቹ ሰንሰለት) ወደ ባቡር ሄደ። የድሬ ሰው ተሰብስቦ ባቡር ካልተነሳ ጉድ ነው። 6ኛው አባቱ ምድር ባቡር ይሠሩ ስለነበር ኮመዲኖው የምድር ባቡሩ ጋራዥ አናጢዎች እጅ ሥራ ነው ብሎ ደመደመ። 7ኛዋ ረጋ ብላ መለሰችለት። የጋራዡ አናጢዎች የፉርጎ ወንበርና በር እንደሚሠሩ፣ በትርፍ ጊዜያቸውም ለጎረቤት ቁም ሳጥን እንደሚያበጁ ታውቃለች። ነገር ግን የነሐስ ማዕዘን ያለው አንድም አላየችም። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ ድሬ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ 1902) ስለሆነ፣ በባቡር ተጭኖ የገባ ዕቃ ሊሆን እንደሚችልም አሳሰበች። 8ኛው ይህን ትቶ ለገሃር የሚባለው ስም መጀመሪያ የድሬ ነው የአዲስ አበባ የሚል ጠብ አነሳ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው ገና በፈረንጆቹ 1917 ስለሆነ ስሙም ከዚህ ነው የሄደው ባይ ነው። 9ኛው ወደ ኮመዲኖው እንዲመለሱ ለመናቸው።

10ኛው ምላሽ የጠያቂዋ ነው። እዚህ ላይ ቀስ እንበል።

የላይኛው ክፍል መሳቢያዎች ጎንና ፊታቸው የተያያዘው ያለ ምስማር ነው። ጥርስና ጥርስ ተቆላልፏል። ጥርሶቹ እኩል አይደሉም፤ አንዱ ወፈር፣ አንዱ ሳሳ ይላል። ከሥራቸው አናጢው ከመቁረጡ በፊት በሹል ነገር ያሰመራት ቀጭን መስመር አሁንም ትታያለች። ማሽን የቆረጠው ቢሆን ጥርሶቹ ሁሉ አንድ ልክ ይሆኑ ነበር፤ መስመርም አያስፈልገውም። የመሳቢያውን ሥር በጣቷ ስትዳብሰው ወጣ ገባ የሚል ሞገድ እንደሚሰማት ጻፈች። የእጅ መላጊያ ዱካ ነው። ከታችኛው ክፍል የመጀመሪያው ረጅም መሳቢያም እንዲሁ ነው፤ ያው ጥርስ፣ ያው መስመር፣ ያው ሞገድ።

የመጨረሻው መሳቢያ ግን ሌላ ነው። ጎኑ በምስማር ተመትቷል፤ ክብ ራስ ባለው ተራ የሽቦ ምስማር። ሥሩ ቀላ ያለ ሌላ እንጨት ነው፤ ሲከፈትም ይሸታል። ውስጡ የ1958 ዓ.ም. አዲስ ዘመን ጋዜጣ ተለጥፎበታል።

ጀርባው ላይ የላይኛው ክፍል በዕድሜ የጠቆረ ወፍራም ጣውላ ሲሆን የታችኛው ኮምፔልሳቶ ነው። ኮመዲኖው የቆመበት ዝቅተኛ የጣውላ መደብ በምስጥ ተበልቷል። ምስጡ መደቡን ጨርሶ ኮመዲኖው ጋ ሲደርስ አቁሟል። መደቡ በተሰበረበት በኩል ስልኳን አስገብታ ያነሳችው ፎቶ ነገሩን ሁሉ ቀየረው። በሆዱ አራቱ ማዕዘኖች ላይ አራት ክብ ቀዳዳዎች አሉ። ውስጣቸው እንደ ጠርሙስ አፍ ጥርስ ወጥቶለታል። ሸረሪት ድርና የደረቀ ሰም ሞልቷቸዋል።

11ኛው ምላሽ ረጅም ነው፤ ጸሐፊው ነገሩን የሚያውቅ ሰው መሆኑ ያስታውቃል። ዕቃው ሲሠራ ጀምሮ ሁለት ቦታ እንዲለያይ ታስቦ የተሠራ መሆኑን ገለጸ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ መኮንኖች ዘመቻ ሲሄዱ ይዘውት የሚሄዱ ዓይነት ኮመዲኖ ነው። ወገቡ ላይ ተለያይቶ አንዱ ግማሽ በከብቱ ቀኝ፣ ሌላው በግራ ይጫናል። እጀታው የተቀበረው በጉዞ እንዳይጠለፍና እንዳይሰበር ነው። ማዕዘኑ ነሐስ የለበሰው ግጭት እንዲችል ነው። እግሮቹ ደግሞ ተሽከርክረው ይወጡና መሳቢያ ውስጥ ይገባሉ። አራቱ ጥርስ ያላቸው ቀዳዳዎች የእግሮቹ ቦታ ናቸው። እንጨቱ ቲክ ሳይሆን እንደማይቀርም ገመተ፤ ቲክ ዘይታም ስለሆነ ምስጥ አይደፍረውም።

ስለዚህ ነጋዴው ማጭበርበሪያ ያለው ክፍተት የዕቃው ዋነኛ መለያ ሆኖ ተገኘ።

12ኛው ምላሽ የ2ኛው ሰው ነው፤ ተመልሶ መጣ። ክፍተቱን ተቀበለ፣ የመጨረሻውን መሳቢያ ግን አልተቀበለም። ዘመቻም ይሁን ሌላ፣ አንዱ መሳቢያ በሌላ እጅ ከተሠራ የታችኛው ክፍል በሙሉ ከሌላ ዕቃ የመጣ ሊሆን ይችላል ብሎ ተከራከረ። አነጋገሩ ጠንከር ያለ ቢሆንም ጥያቄው ተገቢ ነው።

13ኛው (ያው 5ኛው ነው) አሁንም መልስ ሳይሰጥ ሥራ አዘዘ። ክፍሉን አጨልማ፣ የስልኳን መብራት ከጎን በኩል አጋድማ የመጨረሻውን መሳቢያ ፊት እንድታየው ጠየቃት። አየች። ከቫርኒሹ ሥር፣ ድቡልቡሉ መያዣ ባለበት ቦታ፣ አራት ማዕዘን ጥፍጣፊ እንጨት ብቅ አለ። ልኩን ለካችው። ከሌሎቹ የነሐስ እጀታዎች ጉድጓድ ጋር እኩል ነው። ፊቱ የድሮው፣ ከኋላው ያለው ሳጥን ግን አዲስ ነው ማለት ነው። አንድ ሰው የተበላሸውን መሳቢያ ፈትቶ፣ ፊቱን አትርፎ፣ የቀረውን ባገኘው እንጨት ሠርቶታል። የነሐስ እጀታውም ወይ ጠፍቷል ወይ ተሸጧል። ጥገና እንጂ ማጭበርበር አይደለም። 2ኛው ሰው ከዚህ በኋላ ስለ መሳቢያው አልጻፈም።

ከ14 እስከ 17 ያሉት ስለ ሽታው ናቸው። አንዱ ካፉር ነው፣ ከቻይና የመጣ የካፉር እንጨት ነው አለ። ሌላው የሐረርጌ ደጋ ጥድ እንደሆነ በእርግጠኝነት ተናገረ። ሦስተኛዋ አያቶች ሁሉ ልብስ መሃል ናፍታሊን እንደሚያደርጉ አስታወሰችና ሁለቱንም ገሠጸች። አራተኛው ማንኛውም የድሬ አሮጌ ቤት ዕጣን ዕጣን እንደሚል ጽፎ ወደ ቡና ሥነ ሥርዓት ገባ፤ ከዚያ ወደ ፈጢራ፣ ከዚያ የትኛው ቤት ፈጢራ ይሻላል ወደሚለው። ጠያቂዋ መልሳ ወደ ነገሩ አመጣቻቸው። ሽታው ያለው የመጨረሻው መሳቢያ ላይ ብቻ ነው፤ ካፉር ወይም ዕጣን ቢሆን ሁሉም ይሸቱ ነበር። በቢላ ጫፍ ትንሽ ስትፍቀው ደግሞ ቀይ ሆነ፤ ሽታውም በረታ። ጥድ ነው። የጥገናውም እንጨት የአገር ቤት ሆነ።

18ኛው አዲስ ነገር ይዞ መጣ። በፎቶው ላይ ከመደቡ ትንሽ ከፍ ብሎ በጎኑ የሚሄድ የውኃ ምልክት አይቷል። የመጨረሻው መሳቢያ የተበላሸው በ1998 ዓ.ም. ጎርፍ ነው የሚል ግምት አቀረበ። ያን ሌሊት የደቻቱ ወንዝ ከ200 በላይ ሰው የወሰደበት ነውና፣ ለጥቂት ምላሾች ክሩ ፀጥ አለ፤ ነፍስ ይማር ብቻ ነው የተጻፈው። ጠያቂዋም አያቷ ያኔ ደቻቱ አጠገብ ይኖሩ እንደነበር አረጋገጠች።

21ኛዋ ግን ግምቱን በትሕትና አረመችው። የውኃው ምልክት ጎኑ ላይ ብቻ ሳይሆን መደቡም ላይ ሳይቆራረጥ ይቀጥላል። ስለዚህ ጎርፉ ሲመጣ መደቡ ቀድሞ እዚያው ነበር። ጋዜጣውም የ1958 ነው። 22ኛው ጋዜጣ ዕድሜ አይመሰክርም፣ አሮጌ ጋዜጣ አስቀምጦ ኋላ የሚለጥፍ ሰው ሞልቷል ብሎ ተከራከረ፤ እውነቱን ነው፣ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ነገሩን የቋጩት የጠያቂዋ እናት ናቸው። ማንበብ ሲለማመዱ ከዚያ መሳቢያ ጋዜጣ ላይ ፊደል ይቆጥሩ እንደነበር በልጃቸው በኩል አስጻፉ። ጥገናው ከጎርፉ ብዙ ዓመት ይቀድማል።

እንዴት ድሬ ደረሰ የሚለው ግን ሰላም ነሳቸው። 23ኛው በ1941 እ.ኤ.አ. ጣሊያንን አስወጥቶ ድሬ የገባው የእንግሊዝ ጦር መኮንን ጥሎት ሄደ አለ። 24ኛው በኃይል መለሰለት። እንዲህ ያለ የዘመቻ ኮመዲኖ ከደቡብ አፍሪካው የቦር ጦርነት (1899–1902) በኋላ ፋሽኑ ያለፈበት እንደሆነ ነግሮ፣ በመኪና የመጣ ጦር በከብት የሚጫን ኮመዲኖ ምን ይሠራለታል ሲል ጠየቀ። በምትኩ የየመኗን የወደብ ከተማ ኤደንን አቀረበ። ኤደን ከ1839 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በእንግሊዞች እጅ ነበረች። እዚያ የሚኖር መኮንን ሲቀየር ዕቃውን ይሸጣል፤ የህንድና የየመን ነጋዴዎች ደግሞ በጅቡቲ በኩል ያመጡታል። የላይኛው መሳቢያ መቆለፊያ ላይ ዘውድና የንግሥት ቪክቶሪያ መለያ የሆኑ ሁለት ፊደላት መታተማቸውን ከፎቶው ለይቶ አሳየ። ንግሥቲቱ የሞተችው በ1901 እ.ኤ.አ. ነው። መቆለፊያ ከሌላ ዕቃ ሊነቀል ይችላል የሚል እንዳይመጣበት፣ በዙሪያው ትርፍ ቀዳዳም ሆነ ጥፍጣፊ እንደሌለም አብሮ አሳየ። ከግምቶቹ ሁሉ ልቤ ያለው እዚህ ነው።

26ኛዋ ከሐረር፣ ከጀጎል ውስጥ ነው የጻፈችው። ባቡር ሳይመጣ ከዘይላ በግመል የሚጫነው ዕቃ ሁሉ ሐረር ይገባ ስለነበር፣ ኮመዲኖውም በዚያ መንገድ መጥቶ ኋላ ወደ ድሬ የወረደ እንደሚሆን ተከራከረች። የህንድ ነጋዴዎች ሐረር ላይ ያሠሩትን የተቀረጸ በርና የራምቦ ቤት የሚባለውን ምስክር ጠራች። 27ኛው የድሬ ልጅ አላስቻለውም። አቦ ሐረር ሁሉን ነገር የኔ ነው ማለት መቼ ነው የምትተወው በሚል መንፈስ ተነሳ። ድሬ ስትቆረቆር አዲስ ሐረር ተብላ እንደነበር፣ ባቡሩ ሐረር ያልወጣው ተራራው አልሆንለት ብሎ እንደሆነ ሁለቱም አንስተው ተበሻሸቁ። መሃል ላይ ግን ሴትየዋ አንድ ጥሩ ነገር ተናገረች። በሐረሪ ቤት ነደባው መቀመጫ፣ ግድግዳው ውስጥ የተቦረቦሩት ሳጥኖች መደርደሪያ ስለሆኑ ኮመዲኖ ቦታ የለውም። ይህ ለድሬው ልጅ መልሶ መሣሪያ ሆነው። ታዲያ ሐረር ማን ይገዛዋል? ጠቡ ለተወሰኑ ምላሾች ቀጠለ። እዘለዋለሁ።

31ኛው ኮመዲኖው እንዲያበራ በብርጭቆ ወረቀት ፍቃ እንደገና ቫርኒሽ እንድትቀባው መከረ። እንደ ንብ ወረዱበት። ፍቅፈቃው ያንን የጠቆረ ቆዳ አንዴ ካነሳው የሚመልሰው እንደሌለ፣ የተደበቀው ጥፍጣፊና የእጅ ዱካውም አብሮ እንደሚጠፋ ነገሩት። 32ኛው መጀመሪያ ምን እንደተቀባ ማወቅ ይሻላል ብሎ፣ በማይታይ ቦታ ላይ አረቄ ጠብ አድርጋ እንድታይ መከረ። ሐሳቡ መልካም፣ ፈሳሹ መጥፎ። 33ኛዋ አስተካከለችው። ጎማላካ (የድሮ አናጢዎች እንጨት የሚቀቡት ማብሪያ) በአልኮል ይሟሟል፤ አረቄ ግን ውኃ ስለሚበዛው ነጭ ነጠብጣብ ጥሎ ይሄዳል። ንጹሕ አልኮል በጥጥ ጫፍ ብቻ። ቢጣበቅ ጎማላካ ነው፣ ምንም ባይሆን በኋላ የተቀባ ቫርኒሽ። ሞከረችው። የላይኛው ክፍል ጎን ተጣበቀ፤ የመጨረሻው መሳቢያ ፊት ዝም አለ።

34ኛው ፎርማይካውን ጠየቀ። በማስቲሽ የተለጠፈ ከሆነ በሞቀ ካውያ ከላይ ቀስ እያደረገች ብታሞቀው እንደሚለቅ፣ በመሮ እንዳትፈነቅለው አስጠነቀቀ። አንዱን ማዕዘን ብቻ አነሳች። ከሥሩ የካውያ ቅርጽ ያለው ጥቁር ቃጠሎ ወጣ። አያቷ ልብስ የሚተኩሱት እሱ ላይ ነበር። እናቷ ይህን ሲያዩ ፎርማይካው ለምን እንደመጣ ገባቸው፤ እስከዚያ ድረስ ለጌጥ ይመስላቸው ነበር።

36ኛዋ ከዚህ በኋላ እንዴት ይጠገን አለች። ሐሳቡ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ የነሐስ እጀታና ማዕዘን አስቀርጾ ወደ ጥንቱ ይመለስ ባይ ነው። ግማሹ የጥድ መሳቢያው፣ ጋዜጣውና ቃጠሎው ሳይነኩ፣ የተበላው መደብ ብቻ ተነስቶ እግር ይግባለት ባይ። እኔ ከሁለተኞቹ ጋር ነኝ፤ ነሐሱ ቢመጣ ደስ ይለኛል፣ ጥዱን የሚያስወጣ ሰው ግን አላምንም።

ነጋዴውም በመሃል ደውሎ ኖሯል። ክሩን አንብቦት ይሁን ሰው ነግሮት አይታወቅም፣ ከመጀመሪያው እጥፍ ሰጣት። አልሸጥኩም ብላ ጻፈች፤ ዋጋውን ግን አልጠቀሰችም። ሦስት ሰው ተከታትሎ ጠየቃት፣ አልመለሰችም።

እግሩን ለማሠራት ቶርኖ (እያሽከረከረ የሚቀርጽ ማሽን) ያስፈልጋል። የብረት ቶርኖ ቤቶች እንጨትም እንደሚያወጡ፣ አስቸጋሪው ከቀዳዳው ጥርስ ጋር የሚገጥመው ጥርስ እንደሆነ 39ኛው አስረዳ። ሰሙን በሙቅ ውኃ በተነከረ ጨርቅ አለስልሳ፣ በእንጨት ስንጥር አውጥታ፣ የቀዳዳውን ስፋትና ጥልቀት እንድትለካ፣ መጀመሪያ አንድ እግር ብቻ አሠርታ እንድትሞክር መከረ። ለካችና ልኩን አስቀመጠች።

40ኛው ምላሽ የመጣው ከሳቢያን ነው፤ ያ ሶፋ ግዢበት ያለው ሰውዬ። ስለ ቀደመው ንግግሩ ምንም አላለም። የቀዳዳዎቹ ፎቶ ጠጋ ተብሎ እንደገና እንዲነሳ፣ መጠኑ እንዲታወቅም አጠገቡ ማስመሪያ እንዲቀመጥ ጠየቀ። እግሮቹን እሱ እንደሚሠራ ጻፈና ዋጋውን በውስጥ መስመር ላከላት።